ባለ ሁለት በሩ ቤትና ባለ አንድ በሩ ፕላኔ

ይህን ገጠመኜን ለባልደረቦቼ ሳወራ ግማሾቹ «አጋነንሽው» ይሉኛል። ያላመነ ኮምቦልቻ ሄዶ ግንበኛውን ሰይድን ይጠይቅ፤ ያን ቀን ከሥሬ ቁጢጥ ብሎ የወረቀቱን የታችኛውን ጫፍ የያዘው እሱ ነው። እኔ ሰናይት እባላለሁ። አርክቴክት ነኝ፣ በሥራዬ እኮራለሁ፣ መኩራቴንም አልደብቅም። የማወራላችሁ ግን በዚሁ ኩራቴ ምክንያት ሰው ሊሞት የነበረበትን ቀን ነው።

ባጃጅ ቆቦ በገባችበት ሰሞን ነው። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ለገበያና ለስብሰባ የሚሆን ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ እንድነድፍ ተላክሁ። ነደፍኩ። ኧረ ምን መንደፍ ብቻ! ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰፊ ዋና በር፣ ከበሩ ሲገቡ አንገት አቅንተው የሚያዩት ጣሪያ ያለው አዳራሽ። «ከሮቢት እስከ ዋጃ እንዲህ ያለ የለም» ብዬ ለእናቴ ስልክ ደወልኩላት።

ቦታው ላይ ግን አንድ አሮጌ ቤት ነበረበት። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ረዘም ያለ ቤት። የከተማው ሰው «ባለ ሁለት በሩ» ይለዋል። ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የአንዱ በር ወደ ሰሜን፣ የሌላው ወደ ደቡብ ይከፈታል። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ በር ቢሉት መስኮት ቢሉት የለውም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ ወጥቶ ቤቱን መዞር ግድ ነው። ይህን ሳይ ከት ብዬ ሳቅሁ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው? ከጎረቤቱ ተጣልቶ ነው?» አልኩ። አብረውኝ ከነበሩት የቆቦ ሰዎች አንድም የሳቀ አልነበረም፤ እኔም ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የበላዮቼ ፕላኔን ወደዱት። ሆኖም በደብዳቤው መጨረሻ አንዲት መስመር ጨመሩበት፤ ነባሩ ቤት ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ካለው ይጣራ የምትል። ንድድ አልኩ። ለዚህ ጭቃ ነው የእኔ ሕንጻ የሚጠብቀው? ግድግዳውን በስቼ፣ ውስጡ ኮተት ብቻ መሆኑን ፎቶ አንስቼ ልልክላቸው ወሰንኩ።

ለማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ በማግስቱ ጠዋት እንደምሄድ ስነግረው «ነገ ቤቱ ቀጠሮ አለበት፤ ከነገ ወዲያ ብታደርጊው» አለኝ። ስብሰባ መሰለኝ። ስብሰባ ደግሞ በሰዓቱ ሲጀመር አይቼ አላውቅም፤ እስኪመጡ ጨርሼ እወጣለሁ አልኩ በሆዴ። እሱም የአገሩ ሰው ነውና «ቀጠሮ» ሲለኝ ሁሉን የነገረኝ መስሎታል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔና ሰይድ በደቡቡ በር ገባን። ሰይድ ከኮምቦልቻ ይዤው የመጣሁ ግንበኛ ነው፤ እንደኔው ለአገሩ እንግዳ። በሩ ክፍት፣ ወለሉ ተጠርጎ ውሃ የተረጨበት፣ አግዳሚዎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ነበሩ።

«ኢንጂነር፣ እዚህ ሰው ሊመጣ ነው» አለኝ ሰይድ።

«ሳይመጣ እንጨርሳለና! ቢስሚላህ በልና ጀምር።»

ሰይድ መሮውን ከደረቴ ትይዩ ደግኖ በማርቴሎ ይመታ ጀመር። እኔ በቶሎ ይናዳል ብዬ ካሜራዬን ደግኛለሁ። ግድግዳው ወይ ፍንክች! ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ተናክሶ፣ ጭቃው ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። ሰይድ ላቡን ጠርጎ «ይህን የገነባ ሰው እጁ ይባረክ» ሲል ጭራሽ ተናደድኩ። «አንተ ደግሞ! ምርቃቱን ተወውና ምታ!» አልኩት። መታ። አንድ ድንጋይ ተንገዳገደ፤ ልንስበው ስንል ግን ከአጠገቡ ያሉትን ሁለቱን ይዞ ወደ ወዲያኛው ክፍል ዷ ብሎ ወደቀ።

የሰው ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሰዎች አሉ። ዘጠኝ ይሆናሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ስንደበድብ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከቀዳዳው ትይዩ የተቀመጡ ሽማግሌ ዓይናቸው ከዓይኔ ጋር ተጋጠመ። ቀስ ብለው መዳፋቸውን አነሱና የገዛ ዓይናቸውን ሸፈኑ። የቀሩትም አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሰው ሲደነግጥ አይቻለሁ፣ ሲቆጣም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም።

ያኔ ያላወቅሁትን አሁን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ማን ወደ ማሽላው ይጥለፍ በሚል ጠብ አንድ ሰው ተገድሏል። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል፤ ከእስር ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሟች ወንድም አሰፋ ደግሞ ጠመንጃውን ወልውሎ እየጠበቀው ነው። የዘወልድ ሽማግሌዎች፣ በራያ ደም የሚያደርቁት ማለቴ ነው፣ አሰፋን ሰባት ጊዜ ለምነውት በስምንተኛው «አንድ ቀን እቀመጣለሁ፤ ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ» ብሏቸዋል። ያ ቀን ይህ ቀን ነው፤ ኃላፊው «ቀጠሮ» ያለኝም ይህንኑ ነበር። ዕርቅ ይሁን የሚል ቃል ከሟች ወገን አፍ ሳይወጣ ደግሞ ደመኛና ደመኛ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ሽምግልናው ፈረሰ። ለዚህ ነው ቤቱ ሁለት በር ያለው። የገዳይ ወገን መንገድ ላይ ላለመታየት ጎህ ሳይቀድ በሰሜኑ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሟች ወገን ፀሐይ ሞቅ ሲል በደቡቡ ይገባል። እኔ በመካከላቸው ያለውን ግድግዳ በስቼ ቆሜያለሁ።

ወዲያው ከደጅ የሰው ድምፅና ክላሽ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ሰማን። ብትራቸውን ይዘው ቀድመው የገቡት የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ታደገ ናቸው። ቀዳዳውን አዩ። ወለሉ ላይ የተበተነውን ፍርስራሽ አዩ። እኔን አዩኝ። ዞር አሉና ከበሩ ውጪ ላሉት «አንድ ጊዜ ቁሙማ!» አሉ። ከዚያ ወደኔ ተጠግተው በሹክሹክታ፦

«ልጄ፣ ነጠላ የለሽም?»

ሱሪና ሸሚዝ ነው የለበስኩት። «የለኝም፣ አያ።»

«እንግዲያው በያዝሽው ሸፍኚው። ቶሎ በይ!»

የያዝኩት የጠረጴዛ ልብስ የሚያክለውን ፕላኔን ነበር። ዘርግቼ ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ላይኛውን ጫፍ እኔ በሁለት መዳፌ፣ ታችኛውን ሰይድ ቁጢጥ ብሎ ያዝን። ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ገቡና አግዳሚዎቹ ላይ ተቀመጡ። አሰፋ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን በቅቤ የቀባ ሰው ነው። ገና ከመቀመጡ «ይቺ ልጅ ምን ትሠራለች እዚህ?» አለ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ቤቱን እየለካች ነው» አሉ አያ ታደገ። «ተዋት፣ ትጨርስ።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እንዴት እንደሚካሄድ ታያላችሁ፤ አያ ታደገ የአሰፋን ቃል ይቀበላሉ፣ በደቡቡ በር ይወጣሉ፣ ብትራቸውን እያኳኩ ቤቱን ይዞራሉ፣ በሰሜኑ በር ይገባሉ፣ ለገዳዩ አባት ለወልዴ ይነግራሉ። የወልዴን መልስ ይዘው ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ። ያ ዓይናቸውን በመዳፋቸው የሸፈኑት ሽማግሌ ወልዴ ናቸው። እኔ ጆሮዬ ከወረቀቱ ጋር ተለጥፏል፤ ከአያ ታደገ ሌላ የሁለቱንም ወገን ቃል የምንሰማ በዓለም ላይ እኔና ሰይድ ብቻ ነን።

አሰፋ ጥርሱን ነክሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። «ለወልዴ ንገሩት! ልጁን በሳጥን ነው የምልክለት!»

አያ ታደገ ወጡ። ብትራቸው ኳ፣ ኳ እያለ ዞረ። ከወረቀቱ ጀርባ ድምፃቸውን ሰማሁ፦ «አሰፋ ሐዘኑ ገና አልወጣለትም። ልጅህን ሰፈር ውስጥ ሲያየው ምን እንደሚሆን ራሱንም ፈርቷል።»

ደነገጥኩ። ሰውዬው እንዲህ አላለም! የወልዴን መልስ ደግሞ ስሰማ ባሰብኝ። «የሱ ወንድም በጨለማ ውሃችንን ባይቆርጥ ኖሮ ማን ይነካው ነበር? ሌባ ነው የሞተው!» ብለው ጮኹ። ይህ ቃል በቀዳዳው ካለፈ አለቀልን። ምን ላድርግ? ቃላቸውን ሳይጨርሱ በላዩ ላይ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«ሰይድ! ጻፍ! ሦስት ሜትር ከሰማንያ!»

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለቱም እጁ ወረቀት ይዟል፣ በምኑ ይጻፍ? «ጽፌያለሁ፣ ኢንጂነር!» አለ፤ አላህ ይስጠው።

«ከፍታ አራት ሜትር ከሃያ! ውፍረት ሰባ አምስት!»

«ኧረ በማርያም! ሰው እዚህ ደም ያወራል፣ እሷ ሜትር ትጮሃለች!» አለ አሰፋ። አያ ታደገ በዚህ መሃል ዞረው ገቡ። «ወልዴ ሟችን ጎረቤቴ ነበር ይላል። ጠቡ ከውሃ ነው፣ ውሃው እኛን ሁላችንንም አሰከረን ይላል» አሉ።

መጀመሪያ ውሸታም ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነበር። ሦስተኛውን ዙር ሲዞሩ ግን የብትራቸውን ኳኳታ መቁጠር ጀመርኩ፤ ቁጥር ልማዴ ነው። ሰማንያ ስድስት እርምጃ። በእነዚያ እርምጃዎች መሃል ደቡብ ያለው ሰው የተናገረውን ደግሞ ያስበዋል፣ ሰሜን ያለው ምን ይመጣብኝ ይሆን እያለ ይጠብቃል፣ ሽማግሌው ደግሞ እየዞሩ ቃሉን ያበርዱታል። ያ የሳቅሁበት ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ሥራ እየሠራ ነው። እኔ ግድግዳ መሃል በር የረሳ ሰው የሠራው ቤት ነበር የመሰለኝ። በር አልረሳም። አስቦ ነው የከለከለው። በኔ ፕላን ያ ግድግዳ የለም፤ ሁሉም በአንድ በር ገብቶ በአንድ አዳራሽ ይተያያል። አፈርኩ፤ እጄ ታስሮ ነው እንጂ ፊቴን እሸፍን ነበር።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት አለፈ። የቆቦን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ላቤ በክንዴ ወርዶ ወረቀቱን አራሰው፣ ትከሻዬ ነደደ፣ የሰይድ እግር ደንዝዞ ይንቀጠቀጣል። ይሄኔ ነው ከሜዳው ነፋስ የተነሳው። በሰሜኑ በር ገባና በቀዳዳው ወረቀቱን ገፋው። ፕላኔ መሃሉ ላይ ሆድ አወጣ፣ ጎደለ፣ ደግሞ ሆድ አወጣ።

አሰፋ አየው። ንግግሩን አቆመና ተነሳ። አያ ታደገ በዚያን ጊዜ በወዲያኛው ክፍል ናቸው፤ የሚያስቆመው ሰው የለም። መጥቶ ፊቴ ቆመ፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ቢስበው አንድ እጁ ይበቃዋል። ክላሹ ከበሩ ውጪ ሦስት እርምጃ ላይ ናት።

«እታለም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ምንድነው?»

«ፕ... ፕላን ነው። እዚህ የሚሠራው አዲሱ ሕንጻ።»

ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየው። ጣቱን አንስቶ በዋናው በር ላይ አሳረፈ። «በሩ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ሌላኛውስ?»

«ሌላ የለውም። አንድ ነው።»

ጣቱን አላነሳም። ጣቱ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ነው የራቀው። ነፋሱ ወረቀቱን ገፍቶ ወደ እጁ አስጠጋው። «እንግዲያ ሌላ ጊዜ ሰው ቢሞትብን» አለ፣ «እኛ በየት እንገባለን? እነሱስ በየት?»

እንባዬ መጣ፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም። አሰፋ ዓይኔን አየ፣ ወለሉ ላይ የተበተነውን ጭቃ አየ፣ የሰይድን ማርቴሎ አየ። ሁሉንም ያውቃል። ምናልባትም ሲገባ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ከዚያ ጣቱን አነሳና፦

«አጥብቀሽ ያዢው» አለኝ።

ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ። ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። አያ ታደገ ዞረው ሲገቡ የወልዴን ቃል እስኪነግሩት እንኳ አልጠበቀም።

«አንቱ አያ ታደገ» አለ፣ «ለአባ ወልዴ ይንገሩልኝ። ልጃቸው ሲወጣ በመንገዱ ይሂድ። እኔ በመንገዴ እሄዳለሁ። ወንድሜን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ።»

አያ ታደገ ብትራቸውን ጨብጠው ወጡ። ለነወልዴ በወረቀቱ በኩል ልነግራቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ «ይቅር ብሏችኋል!» ብዬ ልጮህ አፌ ደረሰ። ዋጥኩት። ያ ቃልም ቢሆን መንገዱን ይዙር አልኩ። እንደዚያ ቀን የረዘመብኝ ሰማንያ ስድስት እርምጃ የለም። በመጨረሻ ከወረቀቱ ጀርባ የሽማግሌ ለቅሶ ሰማሁ። ሁለቱም ወገን በየበሩ ወጥቶ ከደጅ ካለው ሾላ ሥር ተገናኘ። ሲሳሳሙ አላየሁም፤ እኔ አሁንም ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ።

«ኢንጂነር» አለኝ ሰይድ በስተመጨረሻ፣ «ሄደዋል እኮ። ልቀቂው።»

እጄ እምቢ አለኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እሱ ነው ያላቀቀልኝ።

አያ ታደገ ማታ ካረፍኩበት ሆቴል ድረስ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። «ብዙ ሰምተሻል» አሉኝ። «ለማንም አትንገሪ፤ ሁለቱም ዕድሜያቸውን እስኪጨርሱ።»

«አያ፣ የሚሉትን ቀይረው ነበር የሚነግሯቸው» አልኳቸው፤ አላስችል ብሎኝ።

ሳቁ። «ዞሬ እስክደርስ ከቃሉ የሚተርፈው ያ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ፕላኑን ሰርዣለሁ አልኩ። ኃላፊው «ሰናይት፣ አበድሽ? ጸድቋል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ግድግዳው ጠንካራ ነው፣ ይጠበቃል ብዬ ጻፍኩ፤ ላጣጥለው የሄድኩትን ግድግዳ በፊርማዬ አወደስኩት። ወር ሳይሞላ አዲስ ነደፍኩ። የድሮው ቤት እንዳለ ምድር ላይ ቀረ፤ አዲሱ ሕንጻ በኮንክሪት ምሰሶ ከበላዩ ተነስቶ ሦስት ጎኑን አቀፈው። መስታወቴን አልተውኩም፣ ለምን እተዋለሁ? ከላይ ሱቆቹ ብርሃን በብርሃን ናቸው። ከታች ግን ሁለቱ በሮች ጀርባ ለጀርባ እንደሆኑ፣ በመካከላቸው የሚዞረው መንገድ ጥላ ተሠርቶለት ቀረ። መሠረቱ ሳይቆፈር፣ መሬት ላይ በኖራ ያሰመርኩትን መንገድ አያ ታደገ በብትራቸው ዞረውት «አሳጥረሽዋል» አሉኝ። ሰባ አንድ እርምጃ አድርጌው ነበር። አስረዘምኩት።

እናንተ በአሮጌ ከተማ ውስጥ አዲስ ቤት ልትሠሩ የምትሄዱ ልጆች፣ እኔን የቀየረኝ ይህ ነው። አዲስ አትሥሩ አልላችሁም፤ እኔም ዛሬ ድረስ አዲስ ነው የምሠራው፣ ደግሞም አሳምሬ። ግን የማይገባችሁ በር፣ የማይገባችሁ ግድግዳ ስታዩ እንደኔ ከመሳቃችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ተቀመጡ። ማን በየት እንደሚገባ፣ ማንስ ማንን ላለማየት እንደሚዞር እዩ። እኔ ይህን ለማወቅ ሰው ልገድል ነበር። አያ ታደገም፣ አባ ወልዴም፣ አሰፋም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አፌን የፈታሁት ለዚህ ነው።

ሕንጻው የተመረቀ ቀን ሦስቱም ነበሩ። አሰፋ እንደ ድሮው በደቡቡ በር ገብቶ ያን ቀን የተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ። ሰይድ ቀዳዳውን በሌላ ቀለም ድንጋይ ስለደፈነው ጠባሳው ይታያል። ሄዶ በመዳፉ ዳበሰው።

«አባ ወልዴ መጥተዋል?» አለኝ።

«ወዲያኛው ክፍል ናቸው። በሰሜኑ ነው የገቡት፤ ለምዶባቸው ነው መሰለኝ።»

አፉን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ «አባ ወልዴ!» ብሎ ተጣራ። ምንም መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ጆሮውን ለጠፈና ወደኔ ዞሮ ሳቀ። «አሁን ገና ደህና ደፈናችሁት» አለኝ።

ከዚያ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለና በደቡቡ በር ወጣ። መስኮት ላይ ቆሜ አየሁት። ጥላው ሥር፣ ሳይቸኩል፣ እኔ ባስረዘምኩት መንገድ ቤቱን ዞሮ አባ ወልዴን ሰላም ሊል ሄደ።